የመካንነት ሐኪም እስኪሆኑ

ከቆቦ አንዲት እናት ደውለው «ዶክተር፣ ለምራቴ የማህፀን ሐኪም አይበቃትም ወይ?» አሉኝ።

ለጅምሩ ይበቃል። የመካንነት ሐኪም ግን ጠቅላላ ሕክምና ተምሮ፣ 4 ዓመት በማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊቲ ቆይቶ፣ እንደገና ለንዑስ ስፔሻሊቲ ይቀመጣል። ይህን አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ያሠለጥናል። እጅ የሚፈታበት ሥራ አለው፦ ዓይንን አልትራሳውንዱ ላይ ተክሎ፣ በረጅም ቀጭን መርፌ እንቁላል መቅዳት።

«ልጅዎስ ተመረመረ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። በራያ ቆላ ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው፤ ይህ ያመኛል። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በግማሽ ገደማ ወንዱም የችግሩ አካል ነው። ምርመራውም ቀላል ነው፦ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ የዘር ፈሳሽ መስጠት።

ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ እሷ 35 ከሞላት ደግሞ በ6 ወር፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ።