ንቅሳትና ታቱ፦ አንድ መርፌ፣ ሁለት ስም

ንቅሳት ቆዳን ወይም ድድን በእሾህ ወይም በመርፌ እየወጉ ጥቁር ቀለም በማስገባት የሚሠራ፣ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጌጥ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ለብዙ ትውልድ የሴት ልጅ ውበት መለያ ሆኖ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ታቱ» ተብሎ በአዲስ አበባ ወጣቶች ክንድ፣ አንገትና ጀርባ ላይ ብቅ ብሏል። የፊተኛው «ኋላቀርነት» ሲባል የኋለኛው «ዱርዬነት» ይባላል። አያትን ያስመሰገነው የልጅ ልጅን ለምን ያስነቅፋል? ወይም ደግሞ፣ ዛሬ ለወጣቱ ፋሽን የሆነው እናቱን ለምን አንገቷን በሻሽ እንድትሸፍን አደረጋት? ክርክሩ ከጀመረ ቆይቷል፤ እስካሁንም አልተቋጨም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ፈረንሳይ ለጋሲዮን የተመቸ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለፈረንሳይ መንግሥት ከተሰጠው ሰፊ የለጋሲዮን ግቢ ነው። ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የሰፈሩ ስም እንደ ጥንቱ ቀርቷል፤ የታክሲ ረዳቱም አሳጥሮ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» ይላል። ከሰፈሩ በላይ የእንጦጦ ተራራ አለ። ለእንጦጦ ማርያምና ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከትግራይ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ስለዚህ በአንድ ታክሲ ውስጥ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ከአገጫቸው ሥር እስከ አንገታቸው ግርጌ አረንጓዴ መስመር እንደ ድሪ የተደረደረላቸው እናት ተቀምጠው፣ ሒሳብ ለመቀበል የተዘረጋው የረዳቱ ክንድ ላይ ደግሞ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

የድሮው ንቅሳት የራሱ ቃላት አሉት። የምትሠራው ነቃሽ ትባላለች። የድድ ንቅሳት «ውቅራት» ይባላል፤ «ወቀረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ይኸው ግስ ከአለት ለተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም ያገለግላል፤ በየካ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ዋሻ ሚካኤልም ውቅር ነው። ድንጋይ የሚጠርበውንና ድድ የሚያስጌጠውን እጅ በአንድ ግስ መጥራት ቋንቋው ለነቃሿ ሥራ የሰጠውን ክብር ያሳያል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሕመሙ ግን ቀላል አይደለም። ከኩራዝ ወይም ከምጣድ ሥር የተሰበሰበ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወሳል። ነቃሿ በአንድነት የታሰሩ መርፌዎችን ወይም እሾህ ይዛ ቦታውን ደጋግማ ትወጋለች፤ ውህዱንም ትቀባዋለች። ድዱ ያብጣል፤ ለቀናት ትኩስም ሆነ በርበሬ ያለበት ምግብ አያስበላም። እብጠቱ ሲጎድል ድዱ ይጠቁራል፣ ጥርሱም በጥቁሩ ላይ ነጥቶ ይታያል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። በአንገትና በአገጭ ላይ መስመርና ነጠብጣብ፣ በግንባር ላይ ደግሞ መስቀል የተለመደ ነበር። እንደ እንሶስላና እንደ ሂና ታጥቦ የሚለቅ ስላልሆነ ልጅቱ ከቤተሰቧ ይዛ የምትወጣው፣ ማንም የማይነጥቃት ጌጥ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በደቡብ ኦሞ እነ ሙርሲ፣ በጋምቤላ ደግሞ በግንባራቸው ስድስት መስመሮች የሚታወቁት ኑዌሮች የሚያደርጉት ግን ከዚህ ይለያል፤ እነሱ ቆዳውን በስለት ቀድደው ጠባሳውን ራሱን ጌጥ ያደርጉታል እንጂ ቀለም አያስገቡም።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ከሁሉም የከረረ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ገላን መንቀስ ተከልክሏል፤ የሚቃወሙ ሰባክያን በመጀመሪያ የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ይሁንና በግንባሯ ላይ መስቀል ያለባት እናት የተነቀሰችው ክርስቲያንነቷን ለመመስከር እንጂ ሕግ ለመተላለፍ አልነበረም። የግብፅ ኮፕቶች እስከ ዛሬ በእጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ፤ በኢየሩሳሌምም ተሳላሚዎችን የሚነቅሱ አሉ፤ የራዙቅ ቤተሰብ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እያወረደ ለብዙ መቶ ዓመታት ይዞት ቆይቷል። ጥቅሱ የሚናገረው ለሙታን ስለሚደረግ የአሕዛብ ልማድ ነው የሚሉና ክልከላው በሁሉም ላይ ይጸናል የሚሉ ወገኖች አሉ። የመስቀሏን እናት ሳይነኩ ባለታቱውን ልጅ ብቻ በጥቅስ መምታት ግን ሚዛኑን የሳተ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የጤና ነው። የአንገት ንቅሳት እንቅርት ይከላከላል፣ ውቅራት ድድ ያጠነክራል የሚል እምነት ነበር። እንቅርት የሚመጣው ግን ከአዮዲን እጥረት ነው፤ በደጋው ያለው አፈር በጎርፍ እየታጠበ አዮዲኑን ስላጣ በሽታው በዝቶ ቆይቷል። መፍትሔውም የገበታ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የ2003 ዓ.ም. ደንብ እንጂ መርፌ አልነበረም። ውቅራትም ቢሆን ድድን ከማጥቆር አልፎ አያጠነክርም፤ እንዲያውም የድድ መቅላት እንዳይታይ ስለሚሸፍን ሕመሙ ሳይታወቅ እንዲቆይ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ምክንያት በትምህርት ቤትና በሬዲዮ ንቅሳት ከእንጥል መቁረጥና ከግግ ማውጣት ጋር አብሮ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» ተብሎ ተሰበከ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ለእነዚህ ድርጊቶች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል። ትምህርቱ ብዙ ሕፃናትን አድኗል። ጉድለቱ ድርጊቱን ሲነቅፍ የተነቀሱትንም አብሮ ማሳፈሩ ነው፤ ከገጠር መጥተው ከተማ የገቡ ብዙ እናቶች ፎቶ ሲነሡ አንገታቸውን የሚሸፍኑት ከዚያ ወዲህ ነው።

«ታቱ» የሚለው ቃል ከፖሊኔዥያ ደሴቶች «ታታው» የመጣ ሲሆን ወደ አውሮፓ የገባው ከጄምስ ኩክ የ1769 እ.ኤ.አ. ጉዞ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ መንቀሻው ደግሞ በኒው ዮርክ በ1891 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት አገኘ። መርፌው በሞተር ይመታ እንጂ ሥራው ያው የነቃሿ ሥራ ነው፤ ቀለሙን ከላይኛው የቆዳ ሽፋን በታች ያሳድረዋል። እዚያ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይውጡታል፤ እነሱ ሲሞቱ ተተኪዎቻቸው መልሰው ይይዙታል። ንቅሳት የማይለቀው ለዚህ መሆኑን የማርሴይ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

የአዲስ አበባ ባለታቱዎች የሚመርጡት ሥዕል ከውጭ የተቀዳ ብቻ አይደለም። ፊደል፣ የላሊበላ መስቀል፣ አንበሳ፣ የጠልሰም (የክታብ ሥዕል) ዓይኖች በብዛት ይታያሉ። ይህን መንገድ ሠዓሊዎች ቀድመው ሄደውበታል። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው እስክንድር ቦጎሲያን ጠልሰምን ወደ ዘመናዊ ሸራ አመጣ፤ ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደሉን ራሱን ሥዕል አደረገው። በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ደግሞ የሞዴሎቿን ፊትና አንገት በመስመርና በነጠብጣብ ቀብታ ታነሣለች። ይህን ፎቶ ላደነቀ ሰው የታክሲዋ እናት አንገት ኋላቀር ሊመስለው አይገባም።

በድሮው ንቅሳትና በታቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ውበቱ ሳይሆን ፈቃዱ ነው። የዱሮዋ ልጅ ብዙ ጊዜ የምትነቀሰው በልጅነቷ፣ በእናቷ ወይም በአያቷ ውሳኔ ነበር። የዛሬው ወጣት ራሱ ወስኖ፣ ከፍሎ ይገባል። ሆኖም ውሳኔው ከቤተሰብና ከቀጣሪ ጋር ሊያጋጨው ይችላል፤ በኋላ ላጥፋው ቢልም ሌዘሩ ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል። በጠይም ቆዳ ላይ የተፈጥሮን ቀለም ጭምር ሊያነጣ ስለሚችል ልምድ ያለው ሐኪም ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ግን ለመርፌው ነው። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል፤ በኢትዮጵያ ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው አልተከተበም። ስለዚህ ለመነቀስ የወሰነ ሰው መርፌው ዓይኑ እያየ ከታሸገበት ሲወጣ፣ ቀለሙም ለእሱ ብቻ በሚሆን ትንሽ ዕቃ ሲቀዳ ይጠብቅ፤ ካልሆነለት ተነሥቶ ይውጣ። ከተነቀሰ በኋላም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው 6 ወር ሳይሞላው ደም አይለግስ።