ሞላሰስ በዛ ተብሎ አይጨበጨብም

ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ልኮልኛል። «ደቡብ ኦሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሆን ነው፤ ሞላሰስ ሞልቶ ተርፏል፤ የኢታኖል፣ የመኖ፣ የወረቀት ፋብሪካ ይደረደራል» ይላል። ሥሩ ጭብጨባ በጭብጨባ ነው። የጂንካ ልጅ ነኝ። የምሠራው ግን ሌላ አካባቢ ባለ ስኳር ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም። እንቅልፌን ትቼ ልመልስ።

1. ከኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች ኩራዝ ሦስትን ደቡብ ኦሞ ላይ አትቁጠሩት፤ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ነው። ኩራዝ ሁለት ግን ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ ሳላማጎ ነው። ኩራዝ አንድ ለሜቴክ፣ ለመከላከያው የብረታ ብረት ኮርፖሬሽን፣ ተሰጥቶ ለዓመታት መጓተቱን ታውቃላችሁ። ጥር 2003 ዓ.ም. የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ እዚያው ጂንካ፣ በአርብቶ አደሮች ቀን ላይ ቆመው የኦሞን የመስኖ ልማት ሲናገሩም ጭብጨባው እንዲህ ነበር።

2. ምርቱ «በኦሞራቴ አድርጎ ላሙ ወደብ ይወጣል» የሚለው። ከኬንያው ላሙ ወደ እኛ የታቀደው መስመር በኢሲዮሎ አልፎ የሚገባው በሞያሌ ነው። ኦሞራቴ ድንበር ላይ ስለተቀመጠች ብቻ የወደብ በር አትሆንም። ጭነታችን ዛሬም ጅቡቲ ነው የሚሄደው፤ ከጂንካ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

3. ሞላሰስ፣ ስኳሩ ወጥቶ የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው።

አገዳ ከተቆረጠባት ደቂቃ ጀምሮ ስኳሩን ይበላል። ሱክሮሱ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይፈርሳል፤ እነዚህ ደግሞ ክሪስታል አይሠሩም፣ ጆንያም አይገቡም። ባክቴሪያ ሲጨመርበት ጭማቂው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ስኳር ማብሰያው ፓን ላይ ያለው ሠራተኛ ሌሊቱን ሙሉ ይሰቃያል። እንደ ታችኛው ኦሞ ባለ ቆላ፣ ያውም ተቃጥሎ የተቆረጠ አገዳ ሲሆን፣ ነገሩ ይፈጥናል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተፈጨ ኪሳራው ጀምሯል፤ ከ48 በኋላ የምንፈጨው እንጨት ነው ማለት ይቀላል። ትናንት ማታ ግቢያችን ውስጥ የቆመው አገዳ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። የጭማቂውን ፒዩሪቲ (የስኳር ድርሻ) ስለካ መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ።

ታዲያ ክሪስታል ያልሆነው የት ይሄዳል? ሞላሰስ ውስጥ! በቀን 12,000 ቶን የሚፈጭ ፋብሪካ በ4 በመቶ ሂሳብ 480 ቶን ሞላሰስ ይሰጣል። 5 በመቶ ከሆነ 600 ቶን ነው። በዚያች የ120 ቶን «ትርፍ» ውስጥ ጆንያ መግባት የነበረበት ስኳር አለ። እኛ ዘንድ ግን ሪፖርቱ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «የሞላሰስ ምርት ከዕቅድ በላይ ተከናውኗል» ተብሎ ወደ ላይ ይላካል። ከላይም ምስጋና ይመጣል። አገዳ ለሚያመላልሰው፣ ለቆመው ትራክተር መለዋወጫ ሲጠየቁ ግን ግዥ ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ውጭ ምንዛሬ... ስድስት ወር። ፊርማ የሚያሳድድ ሰው እንጂ አገዳ የሚያሳድድ የለም!

ኢታኖል አይሆንም አላልኩም። ፊንጫና መተሐራ ሠርተውታል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር። ከአንድ ቶን ሞላሰስ ወደ 250 ሊትር ይወጣል። ግን ለአንድ ሊትር ኢታኖል ከ10 ሊትር በላይ አተላ ይወጣል። የት ሊደፋ ነው? ኦሞ ውስጥ? ኦሞ ደግሞ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። አረቄ የምታወጣ ሴት እንኳ አተላዋን የት እንደምትደፋ ሳታስብ አትጥድም።

ወረቀቱስ? ባጋሱ፣ ከተፈጨው አገዳ የሚቀረው ገለባ፣ እኮ ቦይለሩን የሚያነድደው ነው። ወረቀት ካደረጋችሁት ተርባይኑን በምን ልታዞሩ?

4ኛው... ቁጥሩን ተዉት። ተስፋ ካለ መኖው ላይ ነው። ሞላሰስ ከድርቆሽና ከገለባ ጋር ሲቀላቀል ለከብት ነው፤ ከብት ደግሞ ደቡብ ኦሞ ላይ አልጠፋም። የቦዲና የሙርሲ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸው አገዳ ሆኖባቸዋል፤ ከጊቤ ሦስት ግድብ ወዲህ ኦሞ እንደ ድሮው ሞልቶ ስለማይፈስ የወንዝ ዳር ማሽላቸውም ቀርቷል። ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ያለ ሞላሰስ መጀመሪያ ለእነሱ ከብት ቢደርስ ምን ይከፋል? ትልቅ ፓርክም አይጠይቅም፤ ታንከር፣ ማደባለቂያና የሚያሳልፍ መንገድ ነው።

የሳላማጎዋ ሃና ላይ ቦታ ልግዛ ወይ ብለህ በውስጥ መስመር የጻፍክልኝ ወንድሜ፤ እዚያ አገዳው በተቆረጠ በስንት ሰዓቱ እንደሚፈጭ ጠይቀህ ንገረኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። አሁን ልተኛ፤ ማታ ሺፍት አለኝ።