ዓባይ ዳር ያለ የጭቃ ቤት ለዓመት ሙሉ መኖሪያ ሲታደስ

በካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሱቅ ዐረቢን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። በትልቁ መስጊድ ዙሪያ የተዘረጋው ይህ ገበያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በተነሣው ጦርነት ክፉኛ ተጎድቷል። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ከተማይቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ሕዝቡ መመለስ ጀመረ። ዳሩ ግን ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ የወንዝ ዳር የጭቃ ቤቶች ሁለት ክረምት ያለ ጠጋኝ አልፈዋል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ቤት ለቋሚ መኖሪያ ለማብቃት የሚነሣ ሰው ከየት ይጀምር?

የአገራችን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ጭቃ ቤት ጣራውን የሚሸከመው ቋሚው እንጨት ስለሆነ ምርጊቱ ቢረግፍም ቤቱ አይወድቅም። ሱዳኖች «ጃሉስ» የሚሉት ግድግዳ ግን እንጨት የለበትም። የቦካ ጭቃ በእጅ እየተድቦለቦለ በእርከን ይደረደራል፤ አንዱ እርከን ሲደርቅ ሌላው ይጨመርበታል። ስለዚህ ጣራውን የተሸከመው ጭቃው ራሱ ነው። ጉበን የሚሆን ጠንካራ እንጨት ሳያስገባ መስኮት የሚያሰፋ ሰው የቤቱን ምሰሶ ቆረጠ ማለት ነው።

እድሳቱ የሚጀመረው ከግድግዳው እግር ነው። የመሬቱ እርጥበትና ጨው እግሩን ቀስ በቀስ እየበላ ያቀጥነዋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1988 በአንድ ቀን ውስጥ 200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ወረደ፤ ይህም ካርቱም በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። የጭቃ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብም መጠለያ አጣ። ስለዚህ እግሩን በሚስማር ወጋ ወጋ አድርጎ መመርመር ይገባል። የላላው ክፍል ክንድ ክንድ ያህል እየተቆፈረ በሸክላ ጡብ ይተካል እንጂ ባንድ ጊዜ ሁሉም አይነካም። በዙሪያው ያለው መሬትም ውሃው ከግድግዳው እንዲሸሽ ዘቅዘቅ ይደረጋል።

ቀጥሎ ጣራው ነው። ጠፍጣፋ ነው፤ ከግንዱ በላይ ሰሌን፣ ከሰሌኑ በላይ ጭቃ አለበት። ግንዱን ምስጥ እንዳልበላው ይታይ፤ ውሃው ወደ አሸንዳው እንዲወርድ ይስተካከል። ከዚያም እበትና ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ለቀናት ቦክቶ ይለሰንበታል። ሱዳኖች ይህን «ዚባላ» ብለው ከዝናቡ በፊት በየዓመቱ ያድሱታል። ብዙ ሰው ከዚህ ድካም ለመገላገል ሲሚንቶ ይለስናል። ሲሚንቶው ግን ከጭቃው ጋር አብሮ አያብጥም፣ አብሮም አይኮማተርም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያሟሟዋል።

ለልስን የሚሆነውን አፈር ተማሪዎችም ሊፈትኑት ይችላሉ። አፈሩን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማሳደር ነው፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ተለይቶ ይዘቅጣል። ሸክላው ከበዛ ልስኑ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ካነሰም ይፈረፈራል።

አንድ ነገር ግን በልስን አይመለስም፤ እርሱም የወንዙ ሙላት ነው። የቱቲ ደሴት ሰዎች ክረምት ሲመጣ ጥቁር ዓባይን በፈረቃ ይጠብቃሉ፤ ዳርቻውንም በአሸዋ ከረጢት ይገድባሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በ1946፣ በ1988 እና በ2020 ውሃው የት ድረስ እንደመጣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። መስኮቱ ጋ ደርሶ ከነበረ ሌላ ቦታ መፈለጉ ይሻላል።