የበረራ ሲሙሌተር መልክዓ ምድር፦ ከፎቶ የተሠራው ይሻላል ወይስ ኮምፒውተሩ የሚሠራው?



ከመካከላችን የዓለም ባንክ ሰፈር ልጆች አለን። የበረራ ሲሙሌተር ላፕቶፕ ላይ እንደጫንን መጀመሪያ ያደረግነው ከቦሌ ተነሥተን ወደ ምዕራብ በመብረር ሰፈራችንን መፈለግ ነበር። አየር ጤናን አልፈን ስንደርስ መንገዱ በቦታው አለ፤ ግራና ቀኙ ላይ የተደረደሩት ግን የአውሮፓ ቤቶች ናቸው። የቆርቆሮ ጣሪያ የለም፣ ኮንዶሚኒየም የለም፣ ሚናራም የለም። ከዚያ የፎቶውን መልክዓ ምድር አወረድን። ሰፈራችን መጣ፤ ላፕቶፑ ግን ተንቀራፈፈ፣ የወር ዳታችንም በሁለት ቀን አለቀ።

አብራሪ ለመሆን የሚያስቡ፣ ወይም በእረፍት ሰዓታቸው የሚለማመዱ ተማሪዎች የቱን እንምረጥ እያሉ ስለሚጠይቁን፣ ዳታና ገንዘብ ከማባከናችሁ በፊት ልዩነቱን እናስረዳችሁ።

ሁለቱ እንዴት ይሠራሉ?

የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሠራው ነው። ፕሮግራሙ ቦታው ከተማ፣ እርሻ ወይም ደን መሆኑን የሚገልጽ መረጃ ይወስዳል፤ መንገዶችን እንደ ኦፕን ስትሪት ማፕ ካሉ ነፃ ካርታዎች ያመጣል፤ ከዚያ አስቀድመው ከተዘጋጁለት ቤቶችና ዛፎች እያነሣ ቦታውን ይሞላል። የተዘጋጁት ቤቶች በአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ስለሆኑ ነው ሰፈራችን የሰው አገር የሚመስለው።

ሁለተኛው ከሳተላይት ወይም ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ መሬት ላይ የሚያነጥፍ ነው። ለኤክስ-ፕሌን ኦርቶፎርኤክስፒ የሚባል ነፃ መሣሪያ ይህን ይሠራል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ደግሞ ሁለቱን ያዋህዳል፦ መሬቱን ከፎቶ፣ ሕንፃዎቹን ፎቶውን አይቶ በሚገምት ፕሮግራም ይሠራል። ፎቶው የሚመጣው ግን በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወደ መጀመሪያው ዓይነት ይመለሳል።

ዋጋው ስንት ነው?

ኦርቶፎርኤክስፒ ዓለምን የሚከፋፍለው በአንድ ዲግሪ ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። አንዱ ክፋይ በእኛ አካባቢ በየአቅጣጫው 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ፒክስል 2.4 ሜትር መሬት እንዲሸፍን ከመረጣችሁ ክፋዩ 1.5 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ 1.2 ሜትር እንዲሆን ካደረጋችሁት ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። ጥራቱን አንድ ደረጃ ባሳደጋችሁ ቁጥር የፒክስሉ ብዛት አራት እጥፍ ይሆናልና።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ። 9ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመስመሩ በታች፣ ፒያሳና እንጦጦ ከመስመሩ በላይ ናቸው። ስለዚህ አንድ ከተማ ለማየት ሁለት ክፋይ ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ ያወረደ ሰው ግማሽ አዲስ አበባ ፎቶ፣ ግማሹ የአውሮፓ መንደር ሆኖ ያገኘዋል።

ፎቶ የማይነግረን ነገር

ፎቶ የተነሣበትን ቀን ብቻ ነው የሚያሳየው። በበጋ ከተነሣ ሐምሌ ላይ ብትበሩም ሜዳው ቢጫ ነው፤ የዚያ ቀን ጥላና ደመና መሬቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። ከላይ ሲታይ ያምራል፤ ዝቅ ሲሉ ግን ሕንፃው ሁሉ እንደ ምንጣፍ ጠፍጣፋ ነው። ሌሊት ደግሞ መብራት ካልተጨመረበት ከተማው ጨለማ ይሆናል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በዚህ ይበልጣል፦ ቤቶቹ ቁመት አላቸው፣ መንገዶቹ ማታ ይበራሉ።

ከሁሉም በላይ ፎቶ ከፍታ የለውም። ከዓለም ባንክ በስተምዕራብ ያለው የወጨጫ ተራራ ከ3300 ሜትር በላይ ነው፤ የቦሌ መንደርደሪያ ደግሞ ከ2300 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ተራራው ከመንደርደሪያው 1000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህንን ለሲሙሌተሩ የሚነግረው የከፍታ መረጃ ነው፤ ብዙው የተገኘው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንደቨር መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞ ምድርን በራዳር ስትለካ ነው። የከፍታ መረጃው ሻካራ ከሆነ ጫፉ ተቆርጦ ዝቅ ይላል፤ ላዩ ላይ የሚነጠፈው ፎቶ ምንም ቢያምር አያስተካክለውም። ስለዚህ ከፎቶው በፊት ስለ ከፍታው ጠይቁ።

እንግዲህ የቱን?

መነሣትና ማረፍ፣ በመሣሪያ መብረር ወይም የሌሊት በረራ የምትለማመዱ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ይበቃችኋል። ትኩረታችሁ ሰዓቶቹና መንደርደሪያው ላይ ነውና። ላፕቶፑ ደካማ፣ ዳታውም ውስን ለሆነ ተማሪ ነፃ የሆነው ፍላይትጊር ጥሩ መጀመሪያ ነው።

መሬትን በዓይን እያዩ፣ መንገድና ወንዝ እየተከተሉ መብረር ለሚማር ግን ፎቶ ያስፈልገዋል። እሱም ቢሆን አገሩን ሁሉ አያውርድ፤ የሚበርባቸውን ሁለት ሦስት ክፋዮች በመካከለኛ ጥራት ይውሰድና፣ ሕንፃዎቹንና መብራቶቹን ኮምፒውተሩ ከላይ እንዲጨምርበት ያድርግ። እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ይህንን ነው፤ አልሐምዱሊላህ ላፕቶፑ ተሸክሞታል።

የእኛ ድርሻ

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሰፈር ሰው ካርታ ላይ ያስገባውን ያህል ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ውስጥ ባለ 212 ፎቅ ሕንፃ ከተራ ቤቶች መካከል ተገትሮ በሲሙሌተሩ ታይቶ ነበር፤ አንድ ተማሪ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ 2 ብሎ ሊጽፍ 212 ብሎ ጽፎ ነው። አንድ ቁጥር ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ከሠራ፣ በትክክል የገባ ቁጥርም ሰፈርን ይሠራል። ካርታው ላይ የዓለም ባንክን ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና መስጂዶች በትክክል ማስገባት በነፃ ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰውና ጥንቃቄ ነው። ያላያችሁትን አትገምቱ፤ ፎቁን ቆጥራችሁ ጻፉ።

ኢንሻአላህ ቀጥሎ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚበር ተማሪ ሰፈራችንን ያገኘው ይሆናል። ወሰላሙ ዐለይኩም።