ክረምት የሚደብቀው ስንጥቅ፦ ያረጁ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ደኅንነት

በአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ሕንፃ ጥገና ክረምት ይጠብቃል። ሰኔ ላይ ተማሪ ይወጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፤ መስከረም ላይ ክፍሉ አዲስ መስሎ ይከፈታል። ልማዱ ለትምህርት ዘመኑ ይመቻል። የሕንፃውን ጉዳት ለማወቅ ግን ከዓመቱ ወራት ሁሉ የማይመቸው ይኸው ጊዜ ነው።

ምክንያቱ ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈር ነው። በከተማዋ ብዙ ቦታ፣ በተለይ ወደ ቦሌና ወደ ደቡብ ባለው ሜዳ፣ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ይገኛል። በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ቀድሞ የሚደርቀው ከሕንፃው ውጭና ከጠርዙ ሥር ያለው አፈር ነው፤ ከመሃል ሥር ያለው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ግድግዳውም ደካማ በሆነበት፣ ማለትም ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ፣ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ግድግዳው አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለ ሥሩ አፈሩን ይበልጥ ያደርቀዋል። ክረምት ሲገባ አፈሩ አብጦ ግድግዳውን መልሶ ያነሳና ስንጥቁን ይዘጋል። ነሐሴ ላይ የሚመጣ ባለሙያ የሚያየው ቀጭን መስመር ነው፤ በልስን ይሸፈናል፣ ጥር ላይ ተመልሶ ይከፈታል።

በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ሌላም ጉዳይ አለ። አካባቢው የቆዩ ትምህርት ቤቶች ሰፈር ነው፤ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943፣ ብዙም የማይርቀው ሊሴ ገብረ ማርያም ደግሞ በ1947 ተመሥርተዋል። ዛሬ በዚሁ ሰፈር፣ ሰንጋ ተራ ላይ፣ ረጅሙ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ቆሟል፤ በዙሪያውም ምድር ቤታቸው ጠልቆ የሚቆፈር ሕንፃዎች በዝተዋል። ከድሮ ሕንፃ አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር አፈሩ የጎን ድጋፉን ያጣል፤ ከጉድጓዱ ውሃ ሲሳብ ደግሞ በአጎራባች ግቢ ሥር ያለው አፈር ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የጎረቤት ትምህርት ቤት ስንጥቆች በፎቶና በልክ መመዝገብ አለባቸው። ካልተመዘገቡ፣ በኋላ የትኛው ስንጥቅ አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የአርማታ ሕንፃ አረጃጀት ከዚህ ይለያል። አርማታ አዲስ ሲሆን የአልካላይነት ልኩ (ፒኤች) 13 ገደማ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ፌሮው አይዝግም። ከአየር ቀስ በቀስ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ፒኤቹን ከ9 በታች ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ከሚያፈስ ጣሪያ ወይም ከተሰበረ አሸንዳ የሚገባ ውሃ ፌሮውን ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ ራሱ እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሶሌታ ሥር ቡናማ እድፍ ሲታይ፣ ቢም ላይ በፌሮው መስመር ስንጥቅ ሲወጣ፣ ልስን ሲረግፍ ነገሩ ብዙ ርቋል ማለት ነው። እሱን በአዲስ ልስን መሸፈን ጥገና አይደለም፤ ከሥሩ ዝገቱ ይቀጥላል። ጉዳቱ የደረሰበትን ጥልቀት ለማወቅ አርማታው ጥቂት ተፈልፍሎ ፊኖልፍታሊን ይረጭበታል፤ ጤነኛው ክፍል ሮዝ ይሆናል፣ የተጎዳው ቀለም አይለውጥም።

ከሁሉ የከፋው ግን በአሮጌ መሠረት ላይ ፎቅ መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በጣሊያን ሳን ጁሊያኖ ዲ ፑሊያ፣ ፎቅ የተጨመረበት ትምህርት ቤት በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ 27 ሕፃናትና አንዲት መምህርት ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በሜክሲኮ አገር ዋና ከተማ ሬብሳመን ትምህርት ቤት ተደርምሶ 19 ሕፃናትና 7 አዋቂዎች አልቀዋል፤ እዚያም ያለ አግባብ የተጨመረ ግንባታ ነበር። አዲስ አበባም ከስምጥ ሸለቆ ጠርዝ የራቀች አይደለችም። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው በመጠን 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል። ቆርቆሮ የለበሰ፣ ፎቅ የሌለው ክፍል ክብደቱ ቀላል ስለሆነ በዚህ በኩል ይጠቀማል፤ የሚያሰጋው ያልታሰረው የግድግዳ ጫፍ ነው። ከግድግዳው አናት በአርማታ የሚዞረው ቶፕ ታይ ቢም ለዚህ ነው የሚሠራው።

ክትትሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ስንጥቁን አቋርጦ ጄሶ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና የማይሰፋ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የመልክ ጉዳይ ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር ያለፈ ግን ክፍሉን ዘግቶ መሐንዲስ ያስጠራል። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶችም (ወተመህ) የጥገና በጀት ሲያጸድቁ የቀለም ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት የስንጥቆቹን መዝገብ ይጠይቁ፤ ልኩም የሚወሰደው ምድሩ በደረቀበት በጥርና በየካቲት፣ የበልግ ዝናብ ሳይገባ ይሁን።