ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ፦ ስለ ፋብሪካ ብክለት የሚባለውና እውነታው

ፋብሪካ ወንዝ በከለ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የውሃው ቀለም ከተለወጠ፣ ከብት ከታመመ፣ ሽታው መንደር ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ፋብሪካው ምን ያህል እንደሚበክል የተወሰነው ግን ከዚያ ቀን ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ቦታው ሲመረጥ፣ የማምረቻው ዘዴ ሲወሰን፣ የወለሉ ቦይ በንድፉ ላይ ሲሰመር። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ያንን ውሳኔ ማስታመም ነው። ይህን እንዳናስተውል ካደረጉን ነገሮች አንዱ ከአፍ አፍ የሚዞሩ፣ እውነት የሚመስሉ አባባሎች ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

የሚባለው፦ «የሚፈስ ውሃ አይቆሽሽም፤ ወንዝ ራሱን ያጥባል።»

እውነታው፦ ይህ እምነት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቅጠል፣ ደም፣ የምግብ ትርፍራፊ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውሃው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል። ይህን ሲያደርጉ ግን የውሃውን ኦክስጅን ይጠቀማሉ፤ ጭነቱ ከመጠን ካለፈ ኦክስጅኑ ያልቅና ዓሣው ይሞታል። እንደ ክሮም፣ እርሳስና ሜርኩሪ ያሉት ብረቶች ደግሞ ጨርሶ አይበሰብሱም። ወንዙ ተሸክሞ ይወስዳቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። ውሃው ዝግ በሚልበት ቦታ ከደለሉ ጋር ይቀመጣሉ።

የአዲስ አበባ ወንዞች መድረሻ ይህን ያሳያል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ በዳርቻቸው የተተከሉ ፋብሪካዎችንና የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ አዋሽም ወደ ቆቃ ሐይቅ። ቆዳ ፋብሪካዎች የተተከሉበት የሞጆ ወንዝም መጨረሻው ይኸው ቆቃ ነው። ውሃው በመንገዱም ሥራ አይፈታም። በአቃቂ ዳርቻ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማበታል፤ አትክልቱም ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ከላይ ያለው ሰው ወንዙ ወሰደልኝ ያለውን ከታች ያለው ሰው ይጠጣዋል፣ ያጠጣበታል፣ ይበላዋል።

የሚባለው፦ «መጀመሪያ እንልማ፤ ጽዳቱ በኋላ ይደርሳል። ያደጉትም እንዲሁ ነው ያደጉት።»

እውነታው፦ «በኋላ» ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከጃፓን መማር ይቻላል። በሚናማታ ከተማ ቺሶ የተባለው ኩባንያ የኬሚካል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲለቅ ኖረ። ሜርኩሪው በዓሣና በዛጎል ውስጥ ተከማቸ፤ ዓሣ የሚመገበው ሕዝብ ነርቩ ተጎዳ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ደከመ። ከተመረዙ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ሳይቀሩ ጉዳቱን ይዘው ወጡ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው፤ ፍሳሹ የቆመው ግን ከ12 ዓመት በኋላ።

ከዚያ ጽዳቱ መጣ። ከ1977 እስከ 1990 ድረስ ከባሕሩ ወለል ወደ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ የተመረዘ ደለል ተጠርጎ 58 ሄክታር በሚሆን ስፍራ ተቀበረ። ሥራው 48.5 ቢሊዮን የን ፈጀ። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ የተስተካከለው የባሕሩ ወለል ነው፤ የታመሙት አልዳኑም፣ የሞቱት አልተመለሱም። ጃፓን መበልጸጓ እውነት ነው። ያበለጸጋት ግን ኢንዱስትሪው ነው፤ መርዙ ኪሳራዋ ነበር። ዛሬ ፋብሪካ የሚተክል አገር ያንን ኪሳራ እንደ ግዴታ የሚወርስበት ምክንያት የለም።

የሚባለው፦ «ማጣሪያ ከተሠራለት ችግሩ አለቀ።»

እውነታው፦ ብዙ ቅን ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ገባ ብለን እንይ።

ጥሬ ቆዳ በጨው ታሽቶ ይመጣል። ከታጠበ በኋላ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ተነክሮ ጠጉሩ ይለቃል። ቀጥሎ በአሲድ ውስጥ ያልፍና በትልቅ ተሽከርካሪ ድራም ውስጥ በክሮም ይለፋል። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከገባው ክሮም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ነው፤ ቀሪው ከውሃው ጋር ይወጣል።

አሁን ዝቅ ብለን ወለሉን እንይ። የሰልፋይዱና የክሮሙ ፍሳሽ በአንድ ቦይ እንዲወርድ ተደርጎ ከተሠራ፣ አሲዱ ከሰልፋይዱ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ይህ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሠራተኛው ሽታው የጠፋ ሲመስለው ሕይወቱን ያጣል። ክሮሙም ከኖራው፣ ከስቡና ከጠጉሩ ጋር ተደባልቆ ማንም መልሶ የማይጠቀምበት ዝቃጭ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የቆመው ማጣሪያ የሚቀበለው ይህንን ቅልቅል ነው። ውሃውን እንኳ ቢያጠራው፣ ክሮም ያለበት ዝቃጭ የት ይጣል የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ሁለቱ ቦዮች ገና በንድፉ ላይ ቢለያዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የክሮሙ ፍሳሽ ለብቻው ወደ ገንዳ ይገባል፤ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲጨመርበት ክሮሙ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ወደ ድራሙ ይመለሳል። የሰልፋይዱ ፍሳሽም ለብቻው ማንጋኒዝ ገብቶበት አየር ሲነፋበት ጉዳቱ እጅግ ይቀንሳል። ከዚህም አልፎ ክሮሙ ቆዳው ውስጥ በደንብ እንዲዘልቅ የሚያደርግ አሠራር ከተመረጠ፣ ቆዳው የሚይዘው መጠን ከ90 በመቶ በላይ ይሆናልና ከመጀመሪያውም የሚወጣው ትንሽ ነው። ማጣሪያው ከዚህ ሁሉ በኋላም ያስፈልጋል፤ ግን ሸክሙ ቀሎ ይጠብቀዋል።

ልዩነቱ በንድፍ ወረቀት ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ነው። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ ያንኑ መስመር ለመጨመር ወለል ይፈረሳል፣ ምርት ይቆማል፣ ባለሀብቱ ብድሩን እያሰበ ዓመት ከዓመት ያስተላልፈዋል።

ማጣሪያ ለማስመሰያም ሊውል ይችላል። ቺሶ በ1959 መጨረሻ ላይ አዲስ የፍሳሽ ማጣሪያ ሲያስመርቅ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ተጣራ የተባለውን ውሃ በሰው ፊት ጠጥተው አሳይተዋል። መሣሪያው ግን ኦርጋኒክ ሜርኩሪን ለማስወገድ የተሠራ አልነበረም፤ መርዙ እስከ 1968 መፍሰሱን ቀጠለ። ስለዚህ «ማጣሪያ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ምን ለማጣራት ነው የተሠራው?» ማለትም ይገባል።

የሚባለው፦ «ጭሱ ከፍ ብሎ ከወጣ ማንንም አይጎዳም።»

እውነታው፦ ካናዳ ውስጥ በሰድበሪ የሚገኝ የኒኬልና የመዳብ ማቅለጫ እ.ኤ.አ. በ1972 ቁመቱ 381 ሜትር የሆነ ጭስ ማውጫ ሥራ ላይ አዋለ። የከተማዋ አየር ተሻሻለ፤ የሰልፈሩ ጭስ ግን በነፋስ እየተወሰደ በሩቅ አገር በአሲድ ዝናብነት ወረደ። ልቀቱ በእርግጥ የቀነሰው በ1990ዎቹ የማቅለጫው ዘዴ ራሱ ሲለወጥና ጋዙ ተይዞ ለገበያ የሚቀርብ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሠራበት ነው። ያ ግዙፍ ጭስ ማውጫ በ2020 ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል።

የሚባለው፦ «ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ቦታው የትም ቢሆን ግድ የለም።»

እውነታው፦ ቦታ የንድፍ መጀመሪያ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት የሚመረትበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲነደፍ ይህ ግምት ውስጥ ገብቷል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ የተሠራ የጋራ ማጣሪያ አለው። ውሃው ይጣራል፣ በስስ ወንፊት ውስጥ ተገፍቶ ያልፋል፣ የመጨረሻው ጨዋማ ቅሪት በሙቀት ይተናል፤ ከዚያ አብዛኛው ውሃ ተመልሶ ለምርት ይውላል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም ዋጋ አለው። ማትነኛው ብዙ ኃይል ይበላል፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ በመጨረሻ የሚቀረው ደረቅ ጨውም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ስለዚህ ማቅለሚያው ቤት ውስጥ በአነስተኛ ውሃና ጨው የሚሠራ ዘዴ መምረጥ እዚህም ከሁሉ ይቀድማል። መጀመሪያ ያልገባ ጨው በኋላ መውጫ አይፈለግለትም።

የሚባለው፦ «ንጹሕ አሠራር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው።»

እውነታው፦ ወደ ቦይ የሚወርደው ክሮም፣ ቀለምና ሙቅ ውሃ ፋብሪካው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ነው። ክሮም ከውጭ በምንዛሪ ለሚያስመጣ አገር ደግሞ እያንዳንዱ ያመለጠ ኪሎ የዶላር ብክነት ነው። የዴንማርኳ ትንሽ ከተማ ካሉንድቦርግ ይህን በስፋት አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1972 የጂፕሰም ሰሌዳ ፋብሪካው ጎረቤቱ ያለው ነዳጅ ማጣሪያ ያቃጥለው የነበረውን ትርፍ ጋዝ መጠቀም ጀመረ። በኋላ የኃይል ማመንጫው ትርፍ ሙቀት የከተማውን ቤቶች ማሞቅ ጀመረ፤ ከጭሱ የተያዘው ሰልፈርም ጂፕሰም ሆኖ ለዚያው ሰሌዳ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆነ። ኩባንያዎቹ ይህን የጀመሩት ስለሚያዋጣቸው ነው። የአንዱ ተረፈ ምርት የሌላው ግብዓት እንዲሆን ግን በቧንቧ የሚገናኙበት ርቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ ማን ከማን አጠገብ ይተከል የሚለው የፕላን ጉዳይ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚገነባ አገር ይህ ዕድል ገና ክፍት ነው።

የሚባለው፦ «ሕግ የለንም፤ ለማን ይነገራል?»

እውነታው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል፤ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበትም ያዛል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካ ከሁሉ አስቀድሞ በካይ ነገር እንዳያመነጭ፣ ይህ ካልተቻለ እንዲቀንስ ይጠይቃል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይኖርበት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው።

የጎደለው መብቱን በጊዜው መጠቀም ነው። በሰፈራችሁ ወይም በቀበሌያችሁ ፋብሪካ ሊተከል ነው ሲባል የመሠረት ድንጋዩን ቀን አትጠብቁ። የግምገማ ጥናቱን ጠይቁ። ውሃው ከየት ይመጣል? በቀን ምን ያህል ይወጣል? ወዴት? ምን ኬሚካል ይገባል፣ ስንቱ በምርቱ ላይ ይቀራል? ቦዮቹ ተለያይተዋል? ዝቃጩ የት ይቀበራል? ከታች ማን ይጠጣል? ለነዚህ ጥያቄዎች በንድፉ ላይ መልስ ያላስቀመጠ ፋብሪካ ከተከፈተ በኋላ መልስ አያመጣም። መሐንዲሱ መስመሩን ሊያስተካክል የሚችለው እርሳሱ በእጁ ሳለ ነው፤ ጥያቄያችንም የሚያስፈልገው ያኔ ነው።