ከሣሩ ጋር የሚያድገው ፈንገስ

ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የስንዴ ዋግ ወይም የሻገተ እንጀራ ነው። ስለዚህ «የዚህ ግጦሽ ሣር ሁሉ ፈንገስ አለበት» ሲባል ቀድሞ የሚጠይቀው መድኃኒቱን ነው። ኤፒክሎይ የሚባሉት ፈንገሶች ግን አብዛኞቹ የሚኖሩበትን ሣር አያሳምሙትም። ቅጠሉ አይገረጣም፣ ነጠብጣብ አያወጣም። ሣሩ ምግብና መጠለያ ይሰጣል፤ ፈንገሱ በበኩሉ ሣሩን የሚበሉትን የሚያባርር ኬሚካል ያመርታል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ራስ የሚያዞረው እንክርዳድ፣ በዓለም የታወቀው የግጦሽ ሣር የራይግራስ የቅርብ ዘመድ ነው። ፎግል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 የእንክርዳድን ፍሬ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ከልባሱ ሥር የፈንገስ ክር አገኘ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አስተዳደጉ ነው። የሣር ቅጠል የሚረዝመው ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ በኩል ነው፤ ከብት ጫፉን ቢግጠውም ደግሞ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። የፈንገስ ክር ደግሞ በተለምዶ የሚያድገው በጫፉ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ክር በሣሩ ህዋሶች መካከል ተዘርግቶ (ወደ ውስጣቸው አይገባም) ከግድግዳቸው ጋር ተጣብቋል። ህዋሶቹ በፍጥነት ሲረዝሙ ክሩ ተወጥሮ መበጠስ ነበረበት። አይበጠስም። የኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ምክንያቱን አሳተሙ፦ ክሩ በመሃል በመሃሉ እየረዘመ፣ አዳዲስ ክፍሎችም እየጨመረ ከቅጠሉ እኩል ይሄዳል። ቅጠሉ ማደግ ሲያቆም እሱም ያቆማል፤ ግን አይሞትም፣ ሥራውን ይቀጥላል። ሲመግበው የኖረውን ሰው ቤት ሳያፈርስ አብሮ የሚያረጅ እንግዳ ስንቱን አይተናል?

አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ክር አሳይተውኛል። የሣሩን እግር ሽፋን ገፈው በሰማያዊ ቀለም ሲነክሩት፣ እምብዛም ቅርንጫፍ የሌለው ቀጭን ክር በህዋሶቹ መካከል እየተጥመለመለ ታየኝ። አጠገቤ የነበረ ጎብኚ «ታዲያ ለምን አያጠፉትም?» አለ። ያልኩት ይህ ነው፤ አሜሪካኖችም መጀመሪያ ያሰቡት እንደዚያው ነበር።

የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ፈርጉስ እ.ኤ.አ. በ1931 በሜኒፊ ካውንቲ አንድ ተዳፋት እርሻ ላይ ሌላው ሲደርቅ ለምለም ሆኖ የሚቆይ ቶል ፌስኪዩ የሚባል ሣር አየ። ሣሩ «ኬንታኪ 31» ተብሎ በ1943 ለገበሬው ተለቀቀ። ድርቅና ርጋጫ አይበግረውም። ከብቱ ግን አልተስማማውም፦ በሙቀት ወራት ያለከልካል፣ ሥጋ አያወጣም፤ በብርድ ደግሞ ሰኮናውና የጅራቱ ጫፍ ደም አጥቶ ይሞታል። በ1977 ተመራማሪው ቻርልስ ቤከንና ባልደረቦቹ ችግሩን በሣሩ ውስጥ ከሚኖረው ፈንገስ ጋር አገናኙት። ኤርጎቫሊን የሚባለው ምርቱ የደም ሥርን ያጠባል።

ከዚያ በኋላ ፈንገስ የሌለው ዘር ለገበያ ቀረበ። ከብቱ ወፈረ። ሣሩ ግን በድርቅና በግጦሽ ጫና እየሳሳ ጠፋ፤ ያ ሁሉ የተወራለት ጥንካሬ የሣሩ ብቻ አልነበረምና። ኒው ዚላንድም ትይዩ ታሪክ አላት። በጎችን የሚያንገዳግደው ሕመም በ1981 ከራይግራስ ፈንገስ ጋር ተያያዘ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ፈንገስ አልባውን ራይግራስ ነቀዝ እንደሚጨርሰው ታወቀ። መፍትሔው ፈንገሱን ማጥፋት ሳይሆን መምረጥ ሆነ። ኤአር1 የተባለው ዝርያ ነቀዙን የሚያርቀውን ፔራሚን ይሠራል፤ በጉን የሚያንገዳግደውን ሎሊትሬም ቢ አይሠራም።

የዘር ገዢዎችን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፈንገስ በነፋስ አይመጣም፣ በአበባ ብናኝ አይተላለፍም፤ ከእናት ሣር በዘር ብቻ ይወረሳል። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ደግሞ ከዘሩ ቀድሞ ይሞታል። ውድ ዘር ገዝቶ በቆርቆሮ ቤት ያከረመ ሰው ሲዘራው ዘሩ ያለ እንከን ይበቅልለታል፤ የከፈለበት ፈንገስ ግን የለም። ከዚያ ሻጩን ይራገማል። ዘሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ ሲባል ለጌጥ የተጻፈ አይደለም።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጭዱት የግቢ ሣር በአብዛኛው ይኸው ቶል ፌስኪዩ ነው። ለግቢ በሚሸጠው ዘር ብዙ ጊዜ መርዛማው ፈንገስ ሆን ተብሎ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ተባይ ስለሚከላከል። ስለዚህ የታጨደውን ሣር ለጎረቤት ፈረስ አትወርውሩ፣ በተለይ ያረገዘች ባዝራ ከሆነች። ወተቷ ይነጥፋል፣ መውለጃዋም ያልፋል። አዋቂዎች ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን ቀድመው ከዚህ ግጦሽ ያወጧታል።